ጣልቃ ገቧ ዓባይነሽ

ዓባይነሽ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብላ የምትኖር፣ ከጓሮዋና ከእንሰቷ በቀር የሰው ጉዳይ የማይገዳት ሴት ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህማ ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ መውጫ አልነበራትም። ፍርድ ቤቱንም የምታውቀው በበሩ ስታልፍ ብቻ ነው።

ነገሩን ያመጣው የባሏ ታላቅ ወንድም ኃይለሚካኤል ነው። ጎረቤታቸውን ሰብሃትን ድንበሬን ገፋብኝ ብሎ ከሰሰው። ሰብሃትም መሬቱ የራሴ ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለቱ የሚካሰሱበት መሬት ላይ ግን የዓባይነሽ እንሰት ቆሟል። ካገባች ጀምሮ እሷው ተክላ እሷው የምትፍቀው እንሰት፣ ማንም ቢረታ ከእጇ ሊወጣ ሆነ። እሷን የጠየቃት የለም። ከሳሽ አይደለች፣ ተከሳሽ አይደለች። ሐሳብ ገባት።

ሰው መክሯት፣ አቅም ለሌለው በነፃ የሕግ ምክር ወደምትሰጠው ወደ ወንጌላዊት ሄደች። ወንጌላዊት ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። አማርኛዋ ይፈጥናል፤ ዓባይነሽ ደግሞ አፏን የፈታችው በካፊኖኖ ነውና ግማሹ አመለጣት። ብቻ አቤቱታው ተጻፈላት፣ ፈረመች፣ ቀጠሮ ተሰጣት።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ተከራካሪዎቹን ተራ በተራ ጠሩ። ከሳሽ ሲባል ኃይለሚካኤል ተነሳ፤ ተከሳሽ ሲባል ሰብሃት። ቀጥሎ ጣልቃ ገብ ተባለ። ዓባይነሽ ንቅንቅ አላለችም። ወንጌላዊት በክርኗ ነካ ስታደርጋት ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔ በሰው ነገር ጣልቃ ገብቼ አላውቅም» አለች። «እነሱ ናቸው እንሰቴ ውስጥ የገቡት።»

ችሎቱ ሳቅ ሳቅ አለው። ዳኛዋ ግን አልሳቁም። አስተርጓሚ አስጠርተው፣ ቃሉ ስድብ እንዳልሆነ፣ ሁለት ሰዎች በሚከራከሩበት ንብረት ላይ እኔም መብት አለኝ ብሎ የሚቀርብ ሦስተኛ ወገን በሕግ እንዲህ እንደሚባል አስረዷት።

«እርስዎም ባለጉዳይ ነዎት። እንሰማዎታለን» አሏት።

ዓባይነሽ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ወዲያ የሚያቆማት አልተገኘም፤ ያላትን ሁሉ ተናገረች፣ ምስክሮቿም ቀርበው አጸኑላት። በመጨረሻ እንሰቱ ያለበት ቦታ የእሷ ነው ተብሎ ተፈረደ። ወንዶቹም ስለቀረችው ጥግ በሽማግሌ ተስማሙ።

ፍርዱ በተነበበ ዕለት ዝናቡ ሲያይል ዓባይነሽና ኃይለሚካኤል አንድ ባጃጅ ውስጥ ተገናኙ። እሱ መንገዱን እያየ፣ «የከሰስኩት እኮ አንቺን አልነበረም» አላት።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለችው። ቂም አልያዘችም። ቤቷ ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጋደም አለች፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰዳት።