ቅቤ የተቀባው የሠርጌ ሲዲ

ይህ ነገር የገጠመን ባለፈው ጥር፣ በታናሽ እህቴ በመሠረት ሠርግ ሰሞን ነው። እኔ ሆሳዕና ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ቆሜ እንኳ ትዝ ሲለኝ ሳቄ ያመልጠኛል፤ ተማሪዎቼም "ቲቸር ዛሬም ጀመራት" ይባባላሉ።

አባታችን በሕይወት የለም። በሕይወት ሳለ በምርቃቱ የታወቀ ሰው ነበር። እሱ ሊመርቅ ከተነሳ ድግሱ ሁሉ ቀዝቅዞ፣ የባህል ምግባችን የአታካና ቅቤ ረግቶ ነው ሰው የሚቀምሰው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበር ማንም ደፍሮ "ይብቃህ" አይለውም። ፎቶው በየግድግዳችን አለ። ድምፁ የቀረን ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እኔን ሲመርቅ በተቀረጸበት በሠርጌ ሲዲ ላይ። የባሌ ቤተሰቦች ከሌላ አካባቢ የመጡ፣ ቋንቋችንን የማይሰሙ ስለነበሩ ያን ቀን የመረቀን በአማርኛ ነበር።

መሠረት ልታገባ ስትል የለመነችን አንድ ነገር ብቻ ነው። "እኔንም አባባ ይመርቀኝ" አለች።

ቤቱን ብናገላብጥ ሲዲው የለም። በመጨረሻ የተገኘው በወንድማችን በኤርሚያስ ባጃጅ ውስጥ፣ ከመስተዋቱ ሥር በቀይ ክር ተንጠልጥሎ ነው። ምንም ስላልተጻፈበት ባዶ መስሎት ለጌጥ ሰቅሎታል። ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ ሲመላለስ ከቁልፎች ጋር ሲፋተግ ከርሞ፣ ጀርባው ድመቶች የተጣሉበት መስሏል። ኤርሚያስን ልንበላው ደረስን።

የእኔ ላፕቶፕ ጭራሽ የሲዲ ማስገቢያ የለውም። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ዋጠውና ጥቂት አጉረምርሞ መልሶ ተፋው። ፎቶ ቤት ወሰድነው። እዚያ እንኳ ትንሽ ተስፋ አገኘን፤ እኔ ስገባ ታየ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ አባባ ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያ ቀጥ! ፎቶ አንሺው በለስላሳ ጨርቅ ጠረገው፣ የጥርስ ሳሙና ቀባው፤ አባባ ግን ጉሮሮውን ከመጥረግ አላለፈም።

"የዘንድሮ ማጫወቻ ሆደ ባሻ ነው፤ ጭረት ካየ ያኮርፋል። የድሮ ፈልጉ" አለን።

የድሮ ሲባል አክስታችን ትዝ አለችን። ሾኔ ነው የምትኖረው። ዳንቴል አልብሳ የምታኖረው አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ አላት። አውሺን ስንላት "እኔ ከሌለሁ አይሠራም" አለችና በጋቢ ጠቅልላ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፋ ይዛው መጣች።

ዕለቱ የሠርጉ ዋዜማ ነበር። እማዬ ጓዳ ውስጥ የሙሽራዋን ፀጉር ቅቤ እየቀባች ነው። እኛ ሳሎን ሲዲውን ከተትን። አባባ ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀጥ። መሠረት ከጓዳ ሆና ማልቀስ ጀመረች። በዚህ ጊዜ እማዬ "እስቲ ልየው" ብላ ወጣችና፣ ማንም ሳይቀድማት ሲዲውን በእነዚያ በቅቤ የራሱ እጆቿ ግጥም አድርጋ ያዘችው። ስንጮህባት ደነገጠችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረግኩ ብላ ቅቤውን ዳር እስከ ዳር አዳረሰችው።

አለቀ፣ አባባን ሁለተኛ ቀበርነው ብዬ ተቀመጥኩ። አክስቴ ግን "ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?" ብላ መልሳ ከተተችው።

አባባ ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ "ልጆቼ" አለ።

ያ ድምፅ! እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። መሠረት ቅቤው በግንባሯ እየወረደ ሮጣ ወጣች። ስቀን አለቀስን፣ አልቅሰን ሳቅን። አክስቴ ግን "ለነገ አይድከም" ብላ ወዲያው አጠፋችው። ከደስታችን ብዛት በስልክ እንቅዳው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። በኋላ ፎቶ አንሺው እንዳስረዳን ቅቤው ጭረቱን ሞልቶት ነው የማጫወቻው ብርሃን ያለፈው።

በማግስቱ ቴሌቪዥኑ ድንኳን ውስጥ ቆመ። ሙሽሮቹ ተንበረከኩ። አባባ "ልጆቼ" ብሎ ጀመረ። በረካ፣ ጤና፣ ሰላም እያለ መረቀና "ውለዱ" አለ። ሕዝቡም "አሜን" አለ።

"ውለዱ" አለ አባባ ደግሞ።

"አሜን።"

"ውለዱ።"

ሲዲው እዚህ ቃል ላይ ተነክሶ ቀርቷል። ለካ እማዬ ጠዋት ማንም ሳያያት፣ እንዲጸና ብላ ሌላ ቅቤ ደርባበታለች። ሕዝቡ መጀመሪያ በጨዋ ደንብ "አሜን" አለ፤ ቆይቶ እየሳቀ፣ ከዚያ በእልልታ። ሙሽራው በጎን መሠረትን ያያታል። ኤርሚያስ ሊያጠፋው ሲሮጥ እማዬ በነጠላዋ እንባዋን እየጠረገች እጁን ያዘችው።

"ተወው፤ እሱ መቼ በአንዴ ይበቃው ነበር" አለችው።

መጨረሻ ላይ አክስቴ የማጫወቻውን ጀርባ በጥፊ ብትለው "ክበዱ" ብሎ አለፈ። በስልክ የቀዳው ሰው ስለበዛ አሁን የአባባ ድምፅ በሁላችንም እጅ አለ።

በቅርቡ መሠረት ለእርግዝና ክትትል ሄዳ ከሐኪም ቤት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ደንግጬ ምን ሆነሽ አልኳት።

"ሁለት ናቸው" አለች። "እማዬን ንገሪልኝ፤ ቅቤውን አብዝታዋለች።"

ስልኩን እንደያዝኩ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ድሮ የምፈራው የአባባን ድምፅ መርሳት ነበር። አሁን ያ ፍርሃት ለቆኛል። የመንታዎቹን ነገር ባሰብኩ ቁጥር አባባ ኮቱን ቆልፎ ሲነሳ ይታየኛል፤ እኔም ባለሁበት ቦታ ሆኜ "አሜን" እላለሁ።