ሦስተኛዋ ምስክር

ባሌ በጦር ሜዳ የተሸለመ ሰው መሆኑን ካገባሁት ጀምሮ አውቃለሁ። ሁለት ሜዳዮች በጨርቅ ጠቅልሎ በብረት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል፤ አልፎ አልፎ አውጥቶ ያያቸውና መልሶ ይቆልፍባቸዋል። ምን ሠርቶ እንዳገኛቸው ግን ነግሮኝ አያውቅም። ስጠይቀው "ያን ጊዜ ለሁሉም ይሰጥ ነበር" ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ትሕትና መስሎኝ እኮራበት ነበር። እያደር ግን ያናድደኝ ጀመር። ከእኔ በፊት የወደዳት ሴት ያለች ይመስል፣ ጦርነቱ ሲነሳ ፊቱን ያዞራል።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነው። የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ማኅደራችሁን አጣሩ ብሎ ጠርቷቸው ነበርና ሄዶ አኩርፎ ተመለሰ። ሽልማት በሚለው ቦታ ላይ "የለም" ተብሎ ተጽፎበታል። በማግስቱ ሜዳዮቹን ከነምስክር ወረቀታቸው ይዞ ቢሄድ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የአንተ አይደለም አሉት።

እውነትም አይደለም። አባቱ ሕፃን ሳለ ሞተውበት ያሳደጉት አጎቱ ናቸው። ስምም ያወጡለት እሳቸው፣ እንደ አባት ሆኖ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠራውም የእሳቸው ስም ነበር። በዚያ ስም ተመዝግቦ ዘመተ፣ በዚያው ስም ተሸለመ። ሠራዊቱ ተበትኖ እናቱ ዘንድ ሲመለስ ደግሞ አጎትየው ሞተው ስለነበር፣ እናቱ ሟች አባቱ ባወጡለት ስም ጠሩት። መታወቂያ ያወጣው፣ እኔን ያገባው፣ ልጆቻችንም የሚጠሩት በዚህ በሁለተኛው ነው። በእኛ አገር ያሳደገን ዘመድ አባቴ ብሎ መጠራት የተለመደ ስለሆነ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ቢሮው ግን ሁለት ሰው አድርጎ ቁጭ አደረጋቸው። አንደኛው ተሸልሟል ግን የለም፤ ሌላኛው አለ ግን አልተሸለመም።

ባሌ ልቡን ያመዋል። ሐኪሞቹ ነገሩን ገልጠው ከነገሩን ወዲህ ስለ ቀብሩ እንደ ነገ ገበያ ያወራል። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ሜዳዮቹ ልጆቹ በሚጠሩበት ስም እንዲነበቡለት ፈለገ። "የሰው ሜዳይ ሰርቆ ያስቀመጠ እንዳልባል" አለኝ። ይህ ሰው ከዚህ ሌላ አንድም ነገር አጥብቆ ሲፈልግ አይቼው አላውቅም።

ቢሮው መላ ሰጠው። አብረውት የዘመቱ ሦስት ሰዎች ቀርበው ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ይመስክሩ፣ ማኅደሩ ይታረማል ተባለ። አንዱ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ያሉ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ሁለተኛው አምበር ላይ የሚያርስ ሰው ነው። የቀሩት ወይ ሞተዋል፣ ወይ የገቡበት አይታወቅም። ሦስተኛ ከየት ይምጣ እያልን ስንጨነቅ ባሌ ራሱን እያከከ "አንዲት አለች" አለ።

ሽንኩርት እየላጥሁ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥሁት።

"አንዲት?" አልሁት።

"ደብረ ኤልያስ ነው ያለችው። ነርስ ነበረች፤ የእኛን ቁስለኞች የምታክም።"

የት እንዳለች በምን አወቅህ ብዬ ስጠይቀው፣ ከዓመታት በፊት ገበያ ላይ ተገናኝተው እንደነበር ነገረኝ። ለእኔ ግን ያን ቀን ገበያ ውሎ ሲመጣ የነገረኝ ስለ በቆሎ ዋጋ ነው። ባል አላት ወይ አልሁት። ሞቶባታል አለኝ። ልጅስ? የላትም መሰለኝ አለ። ዕድሜዬን በሙሉ አንደኛ ደረጃ ያስተማርሁ ሴት ነኝ፤ "መሰለኝ" የሚል ሰው እያወቀ መሆኑን አላጣውም።

በታኅሣሥ፣ መንገዱ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን ሄድን። እሱ ብቻውን ደርሶ ሊመለስ ነበር ያሰበው። ልቡን የሚያመው ሰው ብቻውን መንገድ አይወጣም ብዬ ተከተልሁት። ጠዋት ጢሙን ተላጨና መስታወቱ ፊት ቆሞ በእጁ ዳበሰው፤ ያልጠራ መሰለውና እንደገና ተላጨ። እኔም የልጄ ሠርግ ላይ የለበስሁትን ቀሚስ አወጣሁ። ለብሼ ፊቱ ስቆም "መኪናው እንዳያመልጠን" አለኝ እንጂ ቀሚሱን አላየልኝም።

ጎብጣ፣ ጥርሷ ረግፎ ባገኛት ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አልጎበጠችም። ረዥም፣ ቀጥ ያለች፣ ሽበቷን ሹሩባ የተሠራች ሴት ግቢዋ ውስጥ ጤፍ ታበጥራለች። ባሌን ስታየው ሰፌዱን አስቀመጠችና በዚያ በወረቀት ላይ ብቻ ባየሁት ስም ጠራችው። ባሌም "አቤት" አለ። እኔ በዚያ ስም ብጠራው ዞሮ አያየኝም፤ ለእሷ ግን ሳያስበው ከአፉ ወጣ። ተቃቅፈው ሲላቀሱ ዘንቢሌን ይዤ ቆምሁ። ከዚያ እኔንም ሳመችኝና "እህቴ" አለችኝ።

የነቢያት ጾም ነበርና የምስር ወጥ አቀረበችልኝ። ለእሱ ግን ለብቻው ሽሮ አመጣች። "ምስር እንደማትበላ አልረሳሁም" አለችው።

እውነት ነው፣ ባሌ ምስር አይበላም። "አይስማማኝም" ብሎኛል፣ አበቃ። ስንጋባ ሰሞን እጄ አልጣመው ብሎ ይሆናል ብዬ ቅመሙን ስንት ጊዜ ለዋውጬበታለሁ። ጎረቤት አስቀምሻለሁ። በኋላ ተስፋ ቆርጬ በየጾሙ ሁለት ድስት ስጥድ ኖርሁ። እንግዲያውስ ብዬ ለምን እንደማይበላ ጠየቅኋት። ሁለቱ ተያዩ። ያቺ መተያየት አንጀቴን አቃጠለችው። ከዚያ እሷ፣ ተከበው ሳሉ ለወራት ጨው የሌለው ምስር ብቻ ይበሉ እንደነበር እንደ ቀላል ነገር ነገረችኝ። በትዳሬ ዘመን ሁሉ ያልተነገረኝን እሷ እንጀራ እየጨመረችልኝ ነገረችኝ።

ቀናሁ። በወጣትነቴ ቀንቼ አላውቅም፤ ባሌም የሚያስቀና ዓይነት አልነበረም። በስተርጅና ግን ጉንጬ እስኪግል ድረስ ቀናሁ። መርፌ ሲያይ ተዝለፍልፎ እንደወደቀባት ስታስታውሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እቤት ሲስቅ በአፍንጫው ነው። ልጆቹን ለክትባት አንድም ቀን ወስዶልኝ የማያውቀው ለዚህ ኖሯል! ሥራ በዝቶበት ይመስለኝ ነበር። ስለ ባሌ የማላውቀውን ሁሉ ይህች ሴት ጓዳዋ ውስጥ እንደ ዘር እህል አስቀምጣዋለች፣ ስትፈልግ ከፈት አድርጋ ትዘግናለች።

ለምስክርነቱ ቀን እንደምትመጣ ቃል ገባችልን። መኪና ውስጥ ባሌ መስኮቱን ተደግፎ ፈገግ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ እስከ ማርቆስ ድረስ አሰብሁ። ባል የለሽ ናት። እሱም ልቡን የሚያመው ቢሆንም ጢሙን ሁለቴ የሚላጭ ሰው ሆኗል። ምን ላድርግ? መላው የመጣልኝ ከተማው ሲታየኝ ነው። ትልቋ ልጄ ገና መውለዷ ነበር፤ ሴት ልጅ። ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ክርስትና ትነሳለች። የክርስትና እናቷ እንድትሆን ያሰብነው ታናሽ እህቴን ነበር። ይህችን ሴት ብናደርጋትስ? አበልጃችን ትሆናለች። በእኛ አገር አበልጁን በሌላ ዓይን የሚያይ ሰው ከውሻ አይሻልም።

እርግጠኛ ለመሆን የነፍስ አባታችንን ጠየቅኋቸው። ለልጄ አበልጅ የሆነች ሴት ለባሌስ አበልጅ ትባላለች ወይ አልሁ። የቤቱ ሁሉ አበልጅ ናት፣ እንደ ሥጋ እኅት ናት አሉኝና ለምን እንደጠየቅሁ ጠየቁኝ። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው አልኋቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈን አደረጉ።

እህቴ ተቀየመችኝ። ልጄም የማናውቃትን ሴት ከየት አመጣሻት ብላ ተነጫነጨች፤ ለአባትሽ ትልቅ ውለታ የምትውል ሰው ናት ብዬ አፏን አስያዝኋት። ባሌ ግን ዓይኑ እንባ ሞላ። "እንዲህ ያለ ልብ እንዳለሽ አላውቅም ነበር" አለኝ። ምስጋናውን ሳላፍር ተቀበልሁት።

ምስክር ሊሰማ የተቀጠረው ከክርስትናው በፊት ነበር። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሎ ተላለፈ፤ እንደገናም ተላለፈ። ባሌ ይብሰከሰካል፣ እኔ በሆዴ ደስ ይለኛል። ጉዳዩ ቶሎ ቢያልቅ ሴትየዋ ለክርስትናው ሳትመለስ ትቀርብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። በዚህ መሐል የክርስትናው ቀን ደረሰና ነጭ ቀሚስ ለሕፃኗ፣ ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን ይዛ መጣች። በሕይወቷ ክርስትና አንስታ አታውቅም። ልጅቷን እንዴት እንደምትይዛት ልጄን ጠይቃ ተቀበለቻት። ማተቡ ሲታሰር እሷን አየሁ፣ ባሌን አየሁ፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ያልተነፈስሁትን ትንፋሽ ለቀቅሁት። አሁን በፈለግሽው ስም ጥሪው አልኋት በልቤ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሮው ጠራን። ምስክሮቹን የሚቀበለው ጸሐፊ ትሑት ሰው ነበር፤ ለሁሉም እየተነሳ ወንበር ሰጠ። እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ሃምሳ አለቃው መሰከሩ። የአምበሩ ሰው መሰከረ። ሁለቱም ከመጀመራቸው በፊት ከአመልካቹ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ አላችሁ ወይ ተብለው የለንም ብለው አልፈዋል። ጥያቄውን ስሰማ ምንም አልመሰለኝም።

"እናቴ፣ ከአመልካቹ ጋር ዝምድና አለዎት?" አላት እሷ ስትቀርብ።

ቀና አለች። "አበልጁ ነኝ" አለችው። "የልጅ ልጁን ክርስትና ያነሳሁ እኔ ነኝ።"

የተናገረችው በኩራት ነው። ሳልሰማት ብቀር በወደድሁ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እሱም የዚሁ አገር ሰው ነው፣ ማተቡ አንገቱ ላይ ይታያል፤ አበልጅ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው አያስፈልግም። ከመቼ ጀምሮ ብሎ ጠየቃት፣ ነገረችው። ተነስቶ ወደ ኃላፊው ገባና ቆይቶ ወጣ። ዘመድ ለዘመዱ ምስክር አይሆንም፣ ሌላ ሰው አምጡ ተባልን። ማኅደሩ እስከዚያ ድረስ ባለበት ይቆያል።

"ታዲያ ልጄን ልካዳት ኖሯል?" አለችው ሴትየዋ። ልጄ ያለቻት የልጅ ልጄን ነው።

ባሌ ዞሮ አየኝ። ሞኝ አይደለም። እህቴ ለምን እንደተተካች፣ ያ ትልቅ ልብ ከየት እንደመጣልኝ፣ ሁሉንም ያን ጊዜ ሲረዳው ፊቱ ላይ አየሁት። ሌላ ሰው አምጡ ያሉት ሌላ ሰው እንደሌለ ስለማያውቁ ነው።

ሴትየዋ አለቀሰች። ጥፋቱ የእሷ ይመስል ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኋት። ወደ መናኸሪያ የሚወስዳትን ባጃጅ ስናሳፍራት ለፋሲካ ልጇን ለማየት እንደምትመጣ፣ ለእንቁጣጣሽም ቀሚስ እንደምታሰፋላት ነገረችን። ከቤቴ ላርቃት ብዬ የቤቴ ሰው አድርጌያት አረፍሁት።

ባሌ ወደ ቤት አልሄደም። ቢሮው በር ላይ ካለው ደረጃ ተቀመጠ፣ እኔም ከጎኑ ተቀመጥሁ። ሰው ይወጣል፣ ይገባል።

"ቀንተሽ ነው?" አለኝ።

"አዎ" አልሁት። ምን እዋሻለሁ። በመልኳ ወይም በቁመቷ ቢሆን ይሻለኝ እንደነበር ነገርሁት። የቀናሁት በምታውቀው ነው። ልጆችህን የወለድሁ፣ ልብህን ሲያምህ ደረትህን የማሽ እኔ ሆኜ፣ አንተን ግን የምታውቅህ እሷ ናት አልሁት። ሰው እየሰማን መሆኑን ረስቼ ነበር።

ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ነገረኝ። ኮረብታው ይለቀቅ ሲባል ቁስለኞች ከአናቱ ላይ ቀርተው ነበር። እየተመላለሰ በጀርባው አወጣቸው፤ እሷ ታች ሆና ትቀበለው ነበር። የመጨረሻው አብሮት የተመዘገበ የአንድ መንደር ልጅ ነው። ቁልቁል ሲወርዱ ጀርባው ላይ ሞተ። ትንፋሹ ማጅራቱ ላይ ሲቆም ተሰምቶታል፤ ግን አላወረደውም። ታች ሲደርስ እሷ ልጁን አስተኛችው፣ አንድም ቃል ሳትናገር እንደ ሌሎቹ ቁስሉን አጠበች፣ በፋሻ አሠረችለት። ሁለቱም መሞቱን ያውቃሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ እሷም ሆነች እሱ፣ አንስተውት አያውቁም። ከሜዳዮቹ አንዱ የተሰጠው ለዚያ ቀን ነው።

ነጠላዬን ስቤ ዓይኔን ጠረግሁ። እሱ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳና እጁን ዘረጋልኝ።

"በይ፣ አሁን አንቺም አወቅሽ" አለኝ። "ምን ያደርጋል፣ ሚስቴ ነሽ፤ አንቺንም አይቀበሉሽም።"