በመናፈሻው ገመድ የጎተትሁ ዕለት

ፍኖተ ሰላም ያለውን ትልቁን መናፈሻ ለማየት የሄድሁት ልጄን ብዬ ነው። ልጄ በቡሬ ገጠር፣ በእኛው ቀበሌ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ናት። በመናፈሻው በየዓመቱ የስፖርትና የባህል ቀን ይከበራል፤ ዘንድሮ የእናቶች ገመድ ጉተታ ይጨመር ብላ የጠየቀችው እሷ ናት። አዘጋጆቹ እሺ ያሏት በግድ ነው። የእኛ ቡድን ሳይሟላ ከቀረ በፎርፌ ይሸነፋል፣ ውድድሩም ከከርሞ ጀምሮ ይቀራል አሏት።

የአገሩ አፍ ቀድሞም አላረፈላትም። የቄስ ልጅ ቱታ ለብሳ ፊሽካ ትነፋለች ይላሉ። ባለቤቴ ቄስ ናቸው። ሰምተው ዝም ይላሉ፤ እኔም ዝም እላለሁ።

የጥቅምት ወር ሊያልቅ ነበር፤ ጤፉ ገና አልታጨደም። ጠዋት ኪዳን አድርሰን በሚኒባስ ወረድን። የሚወዳደሩት ስምንቱ እናቶች የማርያም ጽዋ ማኅበርተኞቼ ናቸው። እኔና ባለቤቴ ለማየት ብቻ ነው የሄድነው።

መናፈሻው ሰፊ ነው። በአንድ ወገን ኳስ ሜዳ አለ፣ በሌላው ወገን መረብ ኳስ፣ ከዚያ ወዲያ የባህል ቡድኑ መድረክ። መንገዱን ተከትሎ ብሳና ተተክሏል። የብሳና ቅጠል ሊረግፍ ሲል እንዴት እንደሚቀላ ማን ያጣዋል? ያን ያህል ብሳና በአንድ ላይ ብርቱካን መስሎ ቆሞ ግን አይቼ አላውቅም። የከተማ ልጆች ቅጠሉን እያፈሱ ወደ ላይ ይበትናሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ከማኅበርተኞቹ በዕድሜ ትልቋ፣ ቀልድ የማያጡት፣ ቆም ብለው አዩና፣ "ለዚህ ነው ከቡሬ ድረስ የመጣነው? እኔም እኮ በጓሮዬ ብሳና አለኝ" አሉ። ሳቅን። እኔ በልቤ ስሙ ይክበር አልሁ፤ የሚረግፈውን እንኳ አስጊጦ ነው የሚሸኘው።

ከስምንቱ አንዷ መንገዱን ሁሉ መኪናው ሲያስመልሳት ነው የመጣችው። ብሳናው ሥር ስናስተኛት ቀና ማለት አቃታት። ሰባት ቀሩ።

የከተማው ቡድን ማዶ ቆሟል። ሁሉም አንድ ዓይነት ማልያ ለብሰዋል፣ ስኒከር ተጫምተዋል። አንዷ፣ "እናቶች፣ ገበያው በዚያ በኩል ነው" ብላ ነቆረችን። ትልቋ ሴት ዝም አላሏትም። "ገበያማ መጥተናል፤ ምን ያህል እንደምትመዝኑ ልናይ ነው" አሏት።

አዘጋጁ ሰዓቱን አየ። ልጄ ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች። ዳር የቆመውን ሰው ሁሉ በዓይኗ ዞረችው፤ እኔ ጋ ስትደርስ አለፈችኝ። የቄስ ሚስት በአደባባይ፣ በወንድ ፊት ገመድ እንደማትጎትት ታውቃለች። እኔ ከተዳርሁ ወዲህ በሠርግ እንኳ ጨፍሬ አላውቅም። ሳትጠይቀኝ ማለፏ ከመጠየቋ ይልቅ ከበደኝ።

ወደ ባለቤቴ ዞርሁ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሜዳውን ያያሉ። ምን ብዬ እንደማስፈቅዳቸው ሳስብ እጃቸውን ዘረጉ።

"ነጠላሽን ስጭኝ" አሉኝ። "ያደናቅፍሻል።"

ሰጠኋቸው። አጥፈው ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

ሻሼንም መቀነቴንም አጠበቅሁ። እንደ ማኅበርተኞቼ ጫማዬን አወለቅሁ፤ በፕላስቲክ ጫማ መሬት አይያዝም። ልጄ ገመዱ ጫፍ ላይ፣ ከሁሉም ኋላ አቆመችኝ። ትከሻዬን ጫን አድርጋ ሄደች።

ለገመድ ጨዋታ እመቤታችንን አላስቸግርም ብዬ ነበር። ፊሽካው ተነፍቶ ገመዱ እጄን ሲልጠው ግን ጠራኋት።

የከተማዎቹ ብርቱዎች ናቸው። በአንድ ጊዜ ነጥቀው ሳቡን። የእኛዎቹ በየራሳቸው ይጎትታሉ፣ አንዷ ስትስብ አንዷ ትለቃለች። ገመዱ ላይ የታሰረው ቀይ ጨርቅ ወደ እነሱ መስመር ሄደ። ሊያልፍ ትንሽ ሲቀረው በክረምቱ ማጥ ውስጥ የገባችው የጎረቤታችን ላም ትዝ አለችኝ። ወንዶቹ እርሻ ላይ ስለነበሩ በጠፍር ስበን ያወጣናት እኛው ሴቶች ነበርን። ጭቃ የያዛትን ላም በጉልበት ቢስቧት እየታገለች ትሰጥማለች። ስትታገል ይዞ መቆየት ነው፤ ትንፋሿን ስትለቅ ያን ጊዜ መሳብ።

"ላሟን አትሳቧት" አልሁ ከኋላ። "ያዟት ብቻ።"

ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ሁሉም እዚያ ማጥ ውስጥ ነበሩ። ተረከዛችንን ተክለን ቆምን። ገመዱ ቀጥ አለ። ማዶ ያሉት ሳቡ፣ ደግመው ሳቡ፤ ሲደክማቸው ትንፋሻቸው ሲወጣ ተሰማኝ። ያኔ "አሁን" አልሁ። ወደ እኛ መጡ። ያዝን። እንደገና ተነፈሱ፣ እንደገና ሳብን። ጥቂት እንደቆየን የፊተኛዋን ስኒከሯ አንሸራተታትና ቁጭ አለች፤ የኋለኞቹም በላይዋ ወደቁ። ቀዩ ጨርቅ መስመራችንን አለፈ።

እልልታው መናፈሻውን ሞላው። ብሳናው ሥር የተኛችው ሳትቀር ተነሥታ እልል አለች። ትልቋ ሴት ወደ ማዶ ተሻግረው የወደቀችዋን በእጇ ይዘው አነሷት። ላም ያልንሽ ለክፉ አይደለም ሲሏት እሷም ሳቀች።

አዘጋጁ በድምፅ ማጉያ የእናቶች ገመድ ጉተታ ከእንግዲህ በየዓመቱ እንደሚኖር ተናገረ። ልጄ ዋንጫውን እንድትቀበል ሲጠሯት ወደ እኔ ነው የመጣችው።

"እማዬ፣ ልጠይቅሽ ፈርቼ ነበር።"

"አውቃለሁ" አልኋት።

ወዲያ ደግሞ እኔን ያለ ነጠላ አይቶ የማያውቅ አንድ የአገራችን ሰው ባለቤቴን፣ አባታችን፣ ከገመዱ ኋላ የነበሩት ማን ናቸው ብሎ ጠየቃቸው። ሲመልሱለት ድምፃቸውን እንደ ቅዳሴ ከፍ አደረጉት።

"ባለቤቴ ናት። ያች ቱታ የለበሰችው፣ ፊሽካ ያንጠለጠለችው ደግሞ ልጄ ናት።"

የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ ልጄን አያት። እሷም ቀና አለች።

የባህል ቡድኑ ከበሮ ሲመታ ማኅበርተኞቼ ዋንጫውን ይዘው፣ በባዶ እግራቸው እስክስታ ገቡ። እኔን ልጄ እጄን ይዛ እስከ ጭፈራው ዳር ወሰደችኝ። እዚያ ቆምሁ፤ ለአንድ ቀን ይህ ይበቃል። መዳፌ ተልጦ ቢያቃጥለኝም አጨበጨብሁ። ተመስገን።