ንብረት ክፍል ውስጥ የታሸገው ባትሪ

መሥሪያ ቤታችን ሶዶ ውስጥ ነበር። አንድ ላንድክሩዘር፣ አንድ ሹፌር፣ ስለ መኪና ደግሞ ሁሉን አውቃለሁ የሚል አንድ አዳራሽ ሙሉ ሠራተኛ ነበረው። ሹፌሩ እኔ ነኝ።

ኃላፊያችን ባትሪ የሚገድልበት የራሱ ዘዴ ነበረው። ሻይ ቤት ፊት ለፊት ያስቆመኝና ሞተሩን አስጠፍቶ፣ መስኮቱን ዝቅ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል። አላፊ አግዳሚው እጅ ይነሳዋል፤ እሱ ባገጩ ይመልሳል። በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ ጠቅ ብላ ዝም። ያን ጊዜ ሰዓቱን እያየ «አንተ የአመለካከት ችግር አለብህ» ይለኛል። በዚያ ዘመን የማይነሳ መኪናም፣ የማያበቅል ማሳም፣ ጠፍቶ የቀረ ደብዳቤም በሽታው አንድ ነበር፤ አመለካከት። ባትሪ ግን ግምገማ አይገባውም።

ከስንት ደብዳቤ በኋላ ቻርጀር ተገዛልን። ንብረት ክፍል በገቢ ደረሰኙ፣ በሞዴል 19፣ ተረከበው፤ ከዚያ ወዲያ ፀሐይ አላየም። የወጪ ደረሰኙ፣ ሞዴል 22፣ ያልተቆረጠለት ዕቃ ከበር አይወጣም። ወጥቶ ለሚመለስ ዕቃ ደግሞ ሞዴል 22 አይቆረጥም። ስብሰባ ተቀመጡበትና ቻርጀሩ ወደ ባትሪው መሄድ ካልቻለ ባትሪው ወደ ቻርጀሩ ይሂድ ብለው ወሰኑ። በውሳኔያቸው ተጨባበጡ። ክፍሉ አንድ መስኮት ነበረው፤ እሱም መጥረጊያ ተሰረቀ ተብሎ በቆርቆሮ ተመቷል።

እኔ ሥራውን የተማርኩት አዋሳ፣ ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። «ባትሪ ዐይን ይወዳል» ይሉ ነበር ሽማግሌው። ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ጋዝ አይታይም፤ እሳት ሲያገኝ ግን ባትሪውን አፈንድቶ አሲዱን ፊት ላይ ይረጫል። ስለዚህ ደጅ አውጥተህ፣ ክዳኖቹን ከፍተህ፣ መቆንጠጫዎቹን ካሰርክ በኋላ ብቻ ቻርጀሩን ታበራለህ። ስትፈታም መጀመሪያ ታጠፋለህ። እሳት በአጠገቡ አታሳልፍም። አንድ ጀሪካን ውሃ ከጎንህ አይለይም።

ይህንን ሁሉ ለመሥሪያ ቤቴ ነግሬያለሁ። አንዴ ብቻ፣ ያውም ለደደብ እንደሚነገር አድርጌ። ጀሪካኔን ይዤ ብቅ ስል «ሹፌሩ ባትሪውን ሊያጠምቅ ነው» ተብሎ ቢሮው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌን ዘጋሁ። ሰው ሁሉ ክብሪት ለኩሶ በባትሪ ቀዳዳ ሲያጮልቅ እያየሁ ዝም እል ነበር። አሲዱ ሲንተከተክ ካዩ «ፈላ» ይላሉ፤ ከፈላ ደርሷል ማለት ነው፣ እንደ ሽሮ። መቶ ጊዜ ቢያጮልቁ ምንም አይሆኑም። ያንን መቶ ጊዜ ዕውቀት ይሉታል።

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጡረታው የተቃረበ የወላይታ ሰው ነበር። አንዲት ብሎን አጉድሎ አያውቅም። ሁሉንም «ታ ኢሻ»፣ ወንድሜ፣ እያለ ነው የሚጠራው፤ እኔንም። የእኔ አባት ከሰሜን በሹመት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ሶዶ ተወልጄ፣ ሶዶ አድጌ፣ ወላይትኛ እየሰማሁ እንዳልሰማ የምሆን ጉረኛ ነበርኩ። የሰውየውን አማርኛ ስሰማ በሆዴ እስቅ ነበር።

ቦምቤ ከተማ በተጠራው ስብሰባ ዋዜማ ባትሪው እንደ ልማዱ ሞተ። ተሸክሜ ንብረት ክፍል ወሰድኩት፣ ክዳኖቹን ከፈትኩ፣ አሰርኩ፣ ቻርጀሩን አበራሁ።

«መስኮቱ ይከፈት» አልኩት።

«ታ ኢሻ፣ ኮሚቴ ሳትፈርም እንዴት ይከፈታል?»

«በሩስ?»

«ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ በሩ ትታሸጋለች።»

አንድ ዐረፍተ ነገር ብጨምር በቃ ነበር። አልጨመርኩም። በሩን ቆለፈ፣ ወረቀት ለጠፈበት፣ ማኅተም መታበት። የሚንተከተክ ባትሪ አሽጎ ምሳውን ሊበላ ሄደ። ጀሪካኔን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ጅብ እንኳ አይበላውም እያልኩ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሶ ሲከፍት መብራት ሄዷል። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ባትሪ ፈልታለች? ልይ እንዴ?» አለና ከኪሱ ክብሪት አወጣ። ሊጭር ሲል ዘወር ብሎ አየኝ። ዐይን ለዐይን ተያየን።

«ተው» ማለት ምን ያህል ይፈጃል? ምላሴ ላይ ነበረች። ትንሽ ጧ ይልበታል፣ ይደነግጣል፣ ቢበዛ ቅንድቡ ይለበለባል፤ ከዚያ ወዲያ እነዚህ ሰዎች ይሰሙኛል ብዬ አሰብኩ። ክብሪቱን ጭሮ በባትሪው ላይ አጎነበሰ።

ድምፁ የጥይት ነበር። ደርሼ ጎትቼ አወጣሁትና ደጃፉ ላይ አጋድሜ፣ የዐይኑን ሽፋን በጣቴ ከፍቼ፣ ጀሪካኑ እስኪያልቅ ውሃ አፈሰስኩበት። «ታ አይፊያ! ታ አይፊያ!» ይላል። ዐይኔ ማለቱ ነው። ያን ቀን ወላይትኛው እንዳልገባኝ መሆን አልቻልኩም። ሆስፒታል ስናደርሰው ቀኝ ዐይኑን ውሃው እንዳተረፈው ነገሩን። ግራው ከዚያ ወዲህ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል።

ኃላፊው ግቢ ሲያገኘኝ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «የነገው የቦምቤ ጉዞ እንዴት ሊሆን ነው?» ከጎረቤት መሥሪያ ቤት አንድ የደከመ ባትሪ ተዋስኩ። በማለዳ ሌላ መኪና አስጠግቼ፣ ቀዩን ከቀዩ አገናኝቼ፣ የመጨረሻውን ጥቁር ከባትሪው አርቄ ሞተሩ ብረት ላይ አስሬ አስነሳኋት። እንደዚያ አምሮልኝ ሠርቼ አላውቅም። ኃላፊው ገብቶ ተቀመጠና ሬዲዮ ከፈተ።

ከሳምንታት በኋላ ግምገማ ተጠራ። የንብረት ክፍሉ ሰው ግራ ዐይኑን በፋሻ ሸፍኖ መጣ። ኃላፊው ስለ ንብረት አያያዝ ተናገረ፤ ሌላው ስለ አመለካከት፤ ሦስተኛው ደግሞ ኃላፊው ስለተናገረው ነገር። ባትሪ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ በየተራ ስንቃቸው ዋልኩ።

የንብረት ክፍሉ ሰው እጁን አወጣ።

«ሂስ አለኝ» አለ። «እኔ አላወቅኩም። ኃላፊም አላወቀም። ሹፌር ያውቅ ነበር። ክብሪት ስጭር አየሁት፣ አየኝ፣ ዝም አለ።» ከዚያ ሰዎቹን ትቶ በቀረችው ዐይኑ ወደ እኔ ዞረ። «ታ ኢሻ፣ ያን ሁሉ ውሃ ይዘህ መጣህ። አንድ ቃል ከብዶህ ነው?»

በዚያ አዳራሽ ስንት ዓመት ስገመገም እውነት ሲነገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ «ይህ እንግዲህ የአመለካከት ችግር ነው» አለ። ያን ጊዜ ግን ትክክል ነበር።

ቃለ ጉባዔ ያዡ እስክሪብቶውን አንስቶ ግራ ተጋብቶ ኃላፊውን አየ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ።

«ይመዝገብ» አልኩ፣ እኔው።