በጄቷ ወለል ላይ የፈሰሰ ቆሎ

ጋሼ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጀርባ ያለውን ፓርኪንግ ይጠብቃሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው መኪና ግንብ እንዳይገጭ እጃቸውን እያወዛወዙ ይመራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የእንግሊዝ የጦር ጄት ይጠግናሉ። ይህን ስናገር ሰው አያምነኝም። ስልካቸው ላይ ያዩትን ሁሉ የሚያምኑት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንኳ ይህን አላመኑኝም።

በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ ማስረዳት እወዳለሁ፣ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለእሱ ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት የአየር ኃይል መካኒክ ነበሩ። ያኔ አገራችን ከእንግሊዝ የገዛቻቸው ጥቂት ቦምብ ጣይ ጄቶች ነበሯት፤ ጋሼ የእነሱን ሞተር ሲፈቱና ሲያስሩ ነው ጢም ያበቀሉት። የእንግሊዝ አሮጌ ብሎን ልኩ ከአሜሪካው ይለያል። የአሜሪካ መፍቻ የገባለት ይመስላል፣ ከዚያ ይሽከረከርና የብሎኑን ጠርዝ ይላጨዋል። ጋሼ ግን ብሎኑን በጣታቸው ዳበስ አድርገው የትኛው መፍቻ እንደሚፈታው ይናገራሉ። ከከተማው ሁለት ሰዓት ርቆ በረሃ ላይ ባለ ትንሽ አየር ማረፊያ አንዲት አሮጌ የእንግሊዝ ጄት የሚንከባከቡ ጡረተኛ ፈረንጆች ይህን ሲያዩ፣ በእልልታ ሊያጅቧቸው ምንም አልቀራቸውም።

እኔ ቡድኑ ውስጥ የገባሁት በሾፌርነት ነው። ፒኮ ሮበርትሰን በሚባለው ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው፤ ዓይናቸው ሀይዌይ ላይ ሲያስቸግራቸው ቅዳሜዬን ሰጠኋቸው።

ጄቷ የማስተማሪያ ናት። አስተማሪና ተማሪ ጎን ለጎን ይቀመጡባታል፤ ተማሪው ሲያጠፋ አስተማሪው በክርኑ ይጎሽመዋል። በዚህ በጣም እቀናለሁ። መልኳን በተመለከተ ግን አልዋሽም፦ አፍንጫዋ ደፍጣጣ፣ ሆዷ ወፍራም፣ እግሯ አጭር ነው። ለጦርነት የተሠራች ሳይሆን ለሰርግ የተጠራች አክስት ትመስላለች።

ሥርዓት ስለምወድ የመሣሪያ ሰሌዳው ሹም አደረጉኝ። ሰሌዳው ላይ የእያንዳንዱ ካቻቢቴና ፒንሳ ቅርጽ በቀለም ተስሏል። አንዱ ቅርጽ ባዶ ከሆነ ጄቷ አትነሳም። ምክንያቱም የአብራሪው መሪ ከወለሉ በታች ባሉ ዘንጎች ከክንፉና ከጅራቱ ጋር ይገናኛል፤ ዘንጎቹ መካከል ጠንካራ ነገር ከተሰነቀረ መሪው ነክሶ አልንቀሳቀስም ይላል፣ ሰማይ ላይ ደግሞ በመኪና እንደሚደረገው ዳር ይዞ ፓርክ ማድረግ የለም። ስለዚህ አንድ ሕግ ራሴ ጻፍኩ፦ ውስጥ የወደቀ ነገር ሁሉ፣ ቢገኝም ባይገኝም፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በአማርኛም ጻፍኩት፣ አማርኛ የሚያነቡት ጋሼ ብቻ ቢሆኑም።

ጋሼ ግን ያን ሁሉ ዘመን ጄት ሲያሰናዱ አንድም ቀን በጄት አልበረሩም። «እኛ እንልካለን፣ ቆመን እናያለን፣ ሲመለስ እንጠርጋለን» ይሉኝ ነበር። በዚህ ዓመት ቡድኑ አረጀና ጄቷ አሪዞና ላለ አንድ ሙዚየም ተሸጠች፤ እዚያ በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ ልትሰካ ነው። እሑድ የቡድኑ አብራሪ ሊያደርሳት፣ ከጎኑም የሙዚየሙ ሰውዬ ሊቀመጥ ተወሰነ። ቅዳሜ ጠዋት ግን የሩብ ሰዓት በረራ ለጋሼ ተፈቀደች። ያቺ ሩብ ሰዓት ካለፈች ሌላ የለም።

ከዚያ አንድ ሳምንት በፊት ጄቷ ውስጥ ተቀምጬ ቀበቶዎቹን ከዝርዝሬ ጋር ሳመሳክር፣ ጋሼ መሰላሉ ላይ ወጥተው የወረቀት ከረጢት ዘረጉልኝ። የባለቤታቸው የእትዬ ቆሎ ነው፤ ገብስ፣ ሱፍና ድንጋይ የመሰለ ሽምብራ።

«ዝገኚ።»

«ጠግቤያለሁ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምን በልተሽ? ዝገኚ እንጂ!»

ሁለት ፍሬ ገብስ በጣቴ አነሳሁ።

«ይሄ ምንድነው? ሐኪም ያዘዘልሽ ነው? እትዬሽ ብትሰማ ትቀየምሻለች።»

«በቃኝ፣ በእውነት...»

«በሞቴ!»

እዚህ ላይ ላስረዳ። ጨዋ ሰው ቆሎ ሲሰጡት መጀመሪያ እንቢ ይላል። ጨዋ ሰጪ ደግሞ እንቢታ አይሰማም። በሁለት ጨዋ ሰዎች መካከል ያለ ቆሎ ምንጊዜም አደጋ ላይ ነው። እሳቸው ገፉ፣ እኔ መለስኩ፣ ከረጢቱ ተቀደደ፣ ቆሎው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ወዲያው ፈረንጆቹ ከታች ጠሯቸው። «አንድም እንዳይቀር፤ ጻፊው ደግሞ» ብለውኝ ወረዱ።

ለቀምኩ። ጨረስኩ መሰለኝ። ግን አልጻፍኩም። ብዕሩን አንስቼ «ጋሼ ቆሎ አፈሰሱ» ብዬ ፈረንጆቹ በሚያነቡት መዝገብ ላይ ማስፈር ነውር ሆነብኝ። አንቱ የምላቸውን ሰው በገዛ እጄ ላዋርድ? መዝገቡን ዘጋሁት።

የተባለው ቅዳሜ ደረሰ። እትዬ አልመጡም፤ «ስትወድቅ ቆሜ አላይም» ብለዋቸው ቀርተዋል። የመጨረሻውን ፍተሻ ሳደርግ፣ መቀመጫው በሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ አንድ የገብስ ፍሬ አየሁ። ወገቡ የተሰነጠቀ፣ በደንብ የተቆላ።

ልውጠው እችል ነበር። ማንም አላየኝም። ቁልቁል ስመለከት ጋሼ በትውስት የበረራ ልብስ፣ እጅጌው ሁለቴ ታጥፎ፣ ፎቶ እየተነሱ ነው። የመኪና ቁልፋቸውን ሳይቀር ከኪሳቸው አውጥተው በሕጌ መሠረት ጠረጴዛ ላይ ደርድረዋል። ግን አንድ ከቀረ ስንት እንደቀረ ማን ያውቃል? ወረድኩ።

«ጋሼ፣ አንዴ ልያዝዎት።»

«ምነው? ደረሰ?»

መዳፌን ከፈትኩ። አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«የባለፈው ነው? አልጻፍሽውም?»

«ስምዎ እንዳይነሳ ብዬ...»

«የኔ ስም!» አሉ። «የኔ ስም ለፓርኪንግ ትኬት ነው የሚያገለግለው። ሽምብራ ነበረበት እኮ፣ ቲቸር! ሽምብራ!»

ከግድግዳው ላይ ‹አትነሳም› የሚለውን ቀይ ጨርቅ አወረዱ፣ መሰላሉን ወጡ፣ በገዛ እጃቸው መሪው ላይ አሰሩት።

አብራሪው ሮጦ መጣ። «ምን ወደቀ?»

«ምሳ» አሉ ጋሼ።

መቀመጫዎቹ ወጡ፤ ወለሉ ተነሳ። አምስት ጡረተኞች፣ አንድ ፓርኪንግ ጠባቂና አንድ አስተማሪ ተራ በተራ በጉልበታችን ተንበርክከን በባትሪና በቫኪዩም በረበርን። ሰባት ገብስና ሦስት ሽምብራ ወጣ፤ አንዱ ሽምብራ ዘንጉ ጋ ሊደርስ የቀረው የጣት ውፍረት ነበር። ከእነሱ ጋር አንድ የእንግሊዝ ሳንቲምና የእርሳስ ቁራጭ አገኘን፣ ጄቷ ገና ወጣት ሳለች የወደቁ። ጋሼ ሳንቲሙን ገልበጥ አድርገው አዩና «እነሱም አልጻፉም» አሉ። ወለሉ ከተነሳ ጀምሮ የተናገሩት የመጀመሪያው ቀልድ ስለነበር ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ወለሉን ገጥመን ስንጨርስ ከቀትር አልፏል። በዚያ በረሃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል። አብራሪው ምሰሶው ላይ የተወጠረውን የነፋስ ከረጢት አየና በዚህ ነፋስ አይበረርም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ የትውስት ልብሳቸውን አወለቁ፣ ሱሪውን በመስመሩ አጥፈው ወንበር ላይ አኖሩት። እኔ ሰሌዳዬ ላይ መፍቻዎቹን መለስኩ። ሁሉም ነበሩ። ምንም ደስ አላለኝም።

የሙዚየሙ ሰውዬ የደረሰው ይሄኔ ነው። የእሱ የበረራ ልብስ አዲስ ነው፤ የሱቁ ወረቀት አንገቱ ጋ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን እህል አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። እኔ በደንብ አስረዳሁት፣ ከዘንጎቹ ጀምሬ። ምናልባት ትንሽ አበዛሁት።

«ሁሉም መውጣቱን በምን ታውቃላችሁ?» አለ።

ጋሼ መለሱለት። «ዳብሰናል፣ ጠርገናል፣ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንቀሳቅሰናል፤ ነጻ ነው፣ ፈርሜያለሁ። ቆሎውን ግን ሲፈስ የቆጠረው የለም።»

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። ከዚያ በመኪና ቢሄድ እንደሚሻለው ተናገረ፤ አሪዞና ሩቅ አይደለም፣ መንገዱም ያምራል።

አብራሪው ወደ ጋሼ ዞረ። «ፈርመሃል። የፈረምክበት ላይ ትቀመጣለህ?»

ጋሼ ያጠፉትን ሱሪ አንስተው መልበስ ጀመሩ።

«ነገ ነው!» አለ አብራሪው። «ነገ!»

«ኦኬ፣ ልለካው ነው» አሉ።

እሑድ ጠዋት ጄቷ ስትነሳ ድምጿ ደረቴ ውስጥ ገባ፤ የሰርግ አክስት ስትባል የከረመችው ቀጥ ብላ ወጣች። እነሱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚጨርሱትን መንገድ እኔ ስድስት ሰዓት ነዳሁ፤ ጋሼን የሚመልሳቸው ሰው ያስፈልግ ነበርና። ቅጣቴ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።

ሙዚየሙ በር ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የራስ ቁሩ ጸጉራቸውን አስተኝቶታል።

«እንዴት ነበር?»

«መንገዱ ጥሩ ነው። ትራፊክ የለም።»

ሀይዌይ ገባን። ከዚያ፦

«አብራሪው ገለበጠኝ። እኔ ነኝ ገልብጠኝ ያልኩት። በረሃው ከላይ፣ ሰማዩ ከታች ሆነ። ያኔ አንዲት ሽምብራ ከየት እንደወጣች እንጃ፣ በአፍንጫዬ ፊት ቀስ ብላ ስታልፍ አየኋት።»

የመኪናውን ፍጥነት ቀነስኩ። «ከዚያስ?»

«ያዝኳት።»

«በእጅዎ?»

«እጄ ቀበቶዬን ጨብጧል። በአፌ።»

«ጋሼ!»

«ምን ጋሼ ትይኛለሽ? ወዲያው ለአብራሪው ነገርኩት፤ ቀጥ አድርጎ ነድቶ አወረደኝ። እንደወረድኩም ጻፍኩት፣ ሕጉ ያንቺ አይደል? የወደቀው ነገር፦ አንድ ሽምብራ። ማን ጣለው፦ እኔ። ተገኝቷል ወይ፦ አዎ። አሁን የት ይገኛል ለሚለው...» ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ።

እትዬ ለመንገድ የላኩት ከረጢት በመካከላችን ነበር። ፈቱትና ዘረጉልኝ።

«ዝገኚ።»

መሪውን በአንድ እጄ ይዤ፣ እንቢ ሳልል፣ በሙሉ እጄ ዘገንኩ።