ላንቴን ያስጠማሁበት ሳምንት

ፊደል የለየሁት ከመዝሙር መጽሐፍ ነው፤ ትምህርት ቤት በደጁ አልፌያለሁ እንጂ አልገባሁም። ስለዚህ ስለ ኮምፒውተር ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም።

ቤቴ ኦቾሎ፣ ተራራው ላይ ነው። እግሬ ግን አንድ ቦታ አይረጋም፤ ሙዝ ሲደርስ ቆላ ላንቴ ቀበሌ፣ እህቴ ጋ እወርዳለሁ፣ እሷ ስትሰለቸኝ አርባ ምንጭ፣ የልጅ ልጄ የተከራየችው ክፍል እሰነብታለሁ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። የመመረቂያ ጥናቷ፣ አሮጊቶች ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው ነው። እኛ ዕድሜ ልካችንን ስንመላለስ ማንም አላጠናንም፤ ጉልበታችን ካለቀ በኋላ ተደረሰልን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀቷን አልጋው ላይ ወርውራ ማልቀስ ጀመረች።

«መምህሩ መለሰብኝ። ላንቴ የውሃው ቦይ በየደጃቸው እያለፈ፣ አሮጊቶቹ እንዴት አርባ አራት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል አለኝ። እስከ አርብ ካላስተካከልኩ ዘንድሮ አልመረቅም።»

ኦቾሎ ያለው ሸማኔ ደግሞ የምርቃቷን ነጠላ ጨርሶ ጥለቱ ላይ ደርሷል።

«እስቲ አሳዪኝ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ኮድ ነው።»

«ታዲያ ይነክሳል?»

አሳየችኝ። በየቀበሌው መድብ፣ ቁጠር፣ አማካይ አውጣ ብላ ኮምፒውተሩን በእንግሊዝኛ ታዘዋለች። እሱም የሰጠችውን ሁሉ ሳያላምጥ ይውጥና ሠንጠረዥ ያወጣል። «ላንቴ፣ ብዛት አምስት፣ አማካይ አርባ አራት ደቂቃ።» ሊቅ ነው፤ ላንቴን ግን በዓይኑ አይቷት አያውቅም።

«አምስቱን በየተራ ንገሪኝ።»

«አስር ደቂቃ። አስር። አስር። አስር። ሦስት ሰዓት።»

«ይቺ የመጨረሻዋ ምን ሆና ነው?» አልኩ።

«እኔ እንጃ። የስልሳ ዓመት ሴት ናት። የጠየቀቻት ጓደኛዬ ናት፤ ስም ደግሞ አንጽፍም፣ ምስጢር ነው።»

የስልሳ ዓመቷ ሴት እኔ ነበርኩ። ላንቴ ሙዙ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ አንዲት ወረቀት የያዘች ልጅ «እናቴ፣ ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?» አለችኝ። እንግዳ ጠይቆ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የእኔ ውሃ ያለው ኦቾሎ ነው። ወርጄ፣ ወረፋ ጠብቄ፣ አርፌ፣ አውርቼ እስክወጣ ሦስት ሰዓት። የት አገር ብላ አልጠየቀችኝም። ዕድሜ ጠየቀች፤ ቀኑም ደስ ይል ነበርና ስልሳ አልኳት። የልጅ ልጄ ግን ቀደም ብላ ኦቾሎ ላይ ሰባ አራት ብላ መዝግባኛለች፤ ያውም ሳትጠይቀኝ።

ዝም ብል ስልሳ ዓመቴ ይተርፍልኛል። ነጠላው ግን ሳጥን ውስጥ ይከርማል።

«ልጄ፣ ሦስት ሰዓቷ እኔ ነኝ።»

«እማማ! አንቺ ሰባ አራት አይደለሽም እንዴ?»

«ኦቾሎ ላይ ሰባ አራት ነኝ። ቆላ ስወርድ ይቀልለኛል።»

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከዚያ ከላንቴ ሰረዘችኝ። ብዛት አራት፣ አማካይ አስር ደቂቃ። አንዲት አሮጊት ብትወጣ ቀበሌው በሙሉ ውሃ ጠጣ።

«በተርታ ደርድሬ መሃል ያለውን ብወስድ ኖሮ ያኔም አስር ይወጣ ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን አልወሰድሽም?»

«መምህሩ አማካይ ነው ያለው።»

አርብ ዕለት መምህሩ ፈረመላት። ነጠላዋን ለብሳ ተመረቀች፤ እኔም እልል አልኩ። መምህሩ ያረመውን ወረቀት ሳገላብጥ፣ ከላንቴ ሥር ኦቾሎ ከሁለት ሰዓት በላይ ይላል። ላንቴ ላይ ለአርባ አራት ደቂቃ ያዙኝ ልቀቁኝ ያለው መምህር፣ እዚህ ጋ አንዲት ቃል አልጻፈም፤ የትክክል ምልክት ብቻ።

በማግስቱ ተራራዬ ወጣሁ፤ ጀሪካኔን አንስቼ ትክክል ወደሆነው ውሃ ወረድኩ።