የፋንታዬ ሚዶ

ቅቤ የተቀባ ፀጉር ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ ባገኘኝ ቁጥር ራሴን ያሳክከኛል። ባለፈው ክረምት ከአረካ ወደ ሶዶ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ነጠላዋን ከራሷ ገለጥ አድርጋ ውሃውን ስታራግፍ፣ ያ የቆየ ቅቤ ሽታ ከእርጥብ ፀጉሯ ተነስቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና፣ ሶዶ እስክንደርስ ድረስ ጣቶቼን ከሻሼ ሥር ሳላወጣ ቀረሁ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ቅማል ያለብኝ መስሎት ነው መሰለኝ ወደ መስኮቱ ሸሸት አለ። አልፈረድኩበትም። ከእኛ ቤት እኮ በዚሁ ነገር ሰው ወጥቷል።

የጀመረኝ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በክረምት ነው። የዳሞታ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ለሳምንታት አልገለጥም ባለበት በዚያ ክረምት፣ መጀመሪያ ከጆሮዬ በላይ ሳንቲም የምታህል ቦታ በላችኝ፣ ሳክካት ሰፋች፣ ስትሰፋ ደግሞ ነጭ ቅርፊት እያወጣች ትረግፍ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ አስተማሪ ነበረች፤ ትምህርት በወላይትኛ በተጀመረበት ሰሞን ዕድሜዋን ሙሉ በአማርኛ ያስተማረችውን እንደገና በወላይትኛ ለማስተማር ማታ ማታ የምታጠና፣ ንጽሕናን ከእምነቷ ቀጥላ የምታስቀምጥ ሴት። ቆረቆር የወጣባቸውን ልጆች ከሰልፍ እያወጣች በምላጭ ታስላጭና ሐምራዊ መድኃኒት ታስቀባቸው ነበር። ከእነሱ አንዷ ከዚያ በኋላ ስሟ ጠፍቶ «ዱባ» ሆና ቀረች። እኔ ደግሞ ትከሻዬን አልፎ የሚወርድ ፀጉር ነበረኝ፣ ትዕቢቴም እሱ ነበር፤ ስለዚህ እስክሪብቶ ጫፍ እያስገባሁ እያከክሁ ዝም አልኩ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሰማያዊው ሹራቤ ትከሻው ላይ ነጭ ሆኖ ያዩት ልጆች «አንቺ፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የምታድሪው?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር።

አክስቴ ፋንታዬ የመጣችው በዚያው መስከረም፣ ለግፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። የአባቴ ታናሽ እህት ነች፤ በበዴሳ በኩል ወደ ቢላቴ ቆላ ወረድ ብሎ አግብታ፣ ልጅ ሳይሰጣት አሥር ዓመት ቆይታ፣ ባሏ ሌላ ሚስት ሲያስገባ ዓመቱን ሙሉ ለበዓል ያጠራቀመችውን ቅቤ በቅል ይዛ ወጣች። በዓሉ አለፈ፣ እሷ ግን አልሄደችም። የምታድረው ከእኔ ጋር፣ አልጋዬ ላይ ሆነ። አማርኛዋ ኋላ የመጣ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «እሱ» ነበር የምትለው፤ እናቴ ስታርማት «እሺ፣ እሱም እሷም አንድ ነው» ብላ ትስቃለች። ወንበር ላይ እንኳ ለመቀመጥ ፈቃድ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። ሌላ መሄጃ እንደሌላት እኔ ልጅቷ እንኳ አውቅ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከጓሮ እንሰቱ ሥር አስቀምጣኝ ሹሩባዬን ስትፈታ እጇ ቆመ።

«ይሄ ራስ ማን አየው?»

«ማንም።»

«መቼ ጀመረሽ?»

«በክረምት። ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ታስላጨኛለች።»

«እኔ አልናገርም» አለች፣ ግራ ቀኝ አይታም ሻሿን ከኋላ ገለጥ አደረገችልኝ። ማጅራቷ ላይ ያ የእኔው ነጭ ቅርፊት ነበረ። «ከልጅነት ነው። አይገድልም፣ ያሳክካል ብቻ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቅሏ ቅቤ በጣቷ እየዛቀች መላ ራሴን ትቀባኝ ነበር። ሚዶ ነበራት፣ ከወይራ የተፈለጠች፣ ሁለት ጥርሷ የተሰበረ፤ በእሷ ከማጅራቴ ጀምራ ወደ ላይ፣ ሳታቆስል፣ ቅርፊቱን እያነሳች ስታበጥረኝ እዚያው ጉልበቷ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ሁለት ቀን ሰላም አገኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል፣ እኛም ቅቤው ያነሰ መስሎን እንጨምራለን። ራስ ሲደርቅ ቅቤ ነው መድኃኒቱ፤ ማን ሌላ ነግሮን? ያ ቅቤ ለበሽታው ቀለቡ እንደነበረ ያወቅሁት ኋላ ነው። ሰው የነበረውን አንድ ሀብት አምጥቶ ራሴ ላይ አፍስሶ፣ የሚያባብስብኝ ያው ሀብት መሆኑ አሁንም ያናድደኛል።

በጋው ገብቶ፣ ጥር ማብቂያ ላይ አቧራው ሲነሳ፣ እናቴ የትራስ ልብስ ልትለውጥ ገብታ ቅርፊቱን አገኘችው። እጄን ይዛ በር ላይ ብርሃን ዘንድ አወጣችኝ፣ ፀጉሬን ገለጠች። ከዚያ ፋንታዬን ጠራቻት።

«እስቲ ሻሽሽን አውልቂው።»

ፋንታዬ አወለቀች። በቀን ብርሃን፣ አባቴም ቆሞ እያየ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ። እናቴ የሁለታችንን ራስ አፈራርቃ አየችና «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች፤ «እኔ የሰው ልጅ ራስ ሳስላጭ የራሴ ልጅ ከማን ጋር እንደምትተኛ ሳልጠይቅ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እውነቱን ንገሪኝ። ከፋንታዬ በፊት ነበረብሽ?»

ምላጩ ታየኝ። ዱባ ታየችኝ። ጥፋቱ ትንሽም ቢሆን የሌላ ሰው ከሆነ የምድን መሰለኝ።

«አልነበረብኝም» አልኩ።

ፋንታዬ አየችኝ። በክረምት ብዬ በራሴ አፍ እንደነገርኳት ታውቃለች፤ አንድ ቃል ብትናገር ይበቃት ነበር። እንደማትናገር ግን ቃል ሰጥታኝ ነበር፤ አልተናገረችምም። አባቴ ከጸሎት በቀር ከራሱ የማያወርደውን ባርኔጣ ወደ ግንባሩ ሳብ አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ። እናቴ ሚዶዋን በሁለት ጣቷ አንስታ ምድጃ ውስጥ ከተተቻት።

«ውጪ» አላለቻትም። «እስክትታከሚ ድረስ» ነበር ያለቻት፤ በደግ ቃል፣ የመሳፈሪያም ሰጥታ። ፋንታዬ ወዴት እንደምትመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሌላ ሚስት ወዳለበት ጎጆ። የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ በጣለ ማለዳ እስከ መኪና ተራው ሸኘኋት። ጭቃው ጫማዋን ያዘባት፣ አጎንብሳ አወጣችውና ቀና ስትል «ራስሽን ዝናብ አታስመቺ» አለችኝ። የቅቤ ቅሏን ትታልኝ ነበር።

መላጨቱ አልቀረልኝም። ፀጉሬን ላድን ዋሽቼ ፀጉሬም እሷም በአንድ ሳምንት ሄዱ። እናቴ ለሰፈራችን ስንቱን ሰው ሐኪም ከሆነለት ከስልጤው ባለሱቅ፣ ከጋሽ ነስሩ፣ የዲን ሳሙና ገዛች። «ቅቤ የሚባል እንዳታስነኩት» ብሎ ሰጠን። ማን ያስነካኛል? የምትቀባኝ ሄዳለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ራሴ ጠራ፣ ማሳከኩ ቆመ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳላክ ተኛሁ። እናቴ አዲስ የበቀለውን ፀጉሬን በእጇ ዳብሳ «አየሽ? እሷ ነበረች» አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ አመነ። እኔ ራሴ ለማመን ምንም አልቀረኝም ነበር። እፎይታ ክፉ ምስክር ነው፤ የዳነ ሰው ለምን ዳንኩ ብሎ አይጠይቅም።

በሚቀጥለው ክረምት ተመለሰብኝ። እዚያው ከጆሮዬ በላይ፣ ያችው ቦታ። እኔም ሳሙናዬን ደብቄ ከእንሰቱ ሥር በዝናብ ውሃ መታጠብ ለመድኩ፤ ከትከሻዬ ላይ የምትረግፈው እያንዳንዷ ቅርፊት ፋንታዬን ነፃ የምታወጣ እኔን የምታስይዝ ነበረችና፣ አንዷን ሳላስቀር በጣቴ እየለቀምኩ አፈር ውስጥ እቀብር ነበር። ልናገር እልና «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን አስታውሼ እተወዋለሁ። ለገና እናገራለሁ አልኩ፣ ለፋሲካ አልኩ። እንዲህ እንዳልኩ በሁለተኛው በልግ ከቆላ መልእክት መጣ። ወባ ነው አሉ። ሦስት ቀን ነው የታመመችው።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ራሴን እያከክሁ ነበር። እናቴ ሐዘን መስሏት እጄን ይዛ ወደ ደረቷ አስጠጋችኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጎኔን አልጋ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር፣ ጥርሷ የተሰበረ ሚዶ ከማጅራቴ ተነስታ ቀስ እያለች ወደ ላይ ትወጣለች። አታመኝም። ብታመኝ ይሻለኝ ነበር። እንዳልተቆጣችኝ የማውቀው በዚያ ነው፣ እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው።

ልጄ ዘንድሮ ሰባት ዓመቷ ነው። ሐምሌ ላይ ከጆሮዋ በላይ ጀመራት። ቦዲቲ መንገድ ላይ ካለ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ወጣቱ ሐኪም ራሷን በመብራት አይቶ «ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በዘር የሚመጣ ነው፤ በቤተሰብ ያለበት ሰው ይኖራል?» አለኝ። «አክስቴ» አልኩት። ይህን ስል የአባቴ ባርኔጣ ትዝ አለኝ፤ ሲሞት እንኳ አብሮት እንዲቀበር የለመነው፣ ሥሩ ምን እንዳለ ማንም ያልጠየቀው ባርኔጣ። ሐኪሙ ሻምፑ ጻፈ፣ ቅቤ ከለከለ። ጋሽ ነስሩ ያኔ ያለንን ነው የደገመው።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል። ከጓሮ ልጄን ሳጥብ በርጩማዋ ላይ ሆና ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት። ውሃውን እያፈሰስኩ ሳለሁ ነው ከኋላዬ ድምጿ የመጣው፤

«ያኔ ከፋንታዬ በፊት ነበረብሽ?»

ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ምንም ያልቀረው ጥያቄ ነው። አረፋው እጄ ላይ ነበር።

«ነበረብኝ፣ እማዬ። በክረምት ነው የጀመረኝ።»

ፎጣውን ከጭኗ ላይ አንስታ አጣጠፈችው፣ መልሳ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው።

«ያቺ ሚዶ የወይራ ነበረች» አለች በመጨረሻ፣ «ቶሎ አልነደደችም። እራት ሳበስል ሁሉ ነበረች።»

ዛሬ እኛ ቤት ቅቤ ለምግብ ብቻ ነው፣ የሚሸተው ሻምፑ ነው። ልጄ የሚደበቅ ነገር እንዳለባት እንኳ አታውቅም፤ ትምህርት ቤት ሲጠይቋት «የእናቴ አክስትም ነበረባት» ትላቸዋለች፣ ሥጦታ እንደተሰጣት ሁሉ። ራሷ እየዳነ ነው። ረቡዕና ቅዳሜ ታጥባ ስትጨርስ ጉልበቴ ሥር ትቀመጥና ከገበያ በገዛሁት ላስቲክ ማበጠሪያ ከማጅራቷ ጀምሬ ወደ ላይ አበጥራታለሁ። «እማዬ፣ ቀስ በይ እንጂ፣ ያማል» ትለኛለች። እኔም ቀስ እላለሁ፤ እንደ ፋንታዬ ግን አልቻልኩበትም።